አንድ ቢያጆ አሸዋ

ስለ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ዕጣው፣ ስለ ኪራዩ መወደድ፣ ለሜክሲኮ አደባባይ ስላለው ቅርበት ነው። እኔን ቀድሞ የሚታወሰኝ ገልባጭ መኪና ነው። በ2002 ዓ.ም. እዚያ የዋለ ሰው ሌላ ነገር ቢያስቀድም ይገርመኛል። ሕንፃው ገና መሠረቱ ሳይወጣ፣ ስሙም «ሳይቱ» ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምናየው የሚገባና የሚወጣ ካሶኒ ነበር። ሞልቶ የሚገባው አሸዋና ጠጠር፣ ሞልቶ የሚወጣው ደግሞ ሰፈሩ ራሱ።

ሰፈሩ ራሱ ስል አላጋነንኩም። ልደታ ማርያምን ተደግፎ የኖረው መንደር፣ 26 ሄክታር ገደማ፣ መልሶ ይለማል ተብሎ ሰዉ ሲነሣ አይቻለሁ። የግል ይዞታ የነበረው ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ በርና መስኮቱን ከነመቃኑ ፈትቶ ይሄዳል። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚፈታው የራሱ ነገር ስለሌለው አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑንና የግድግዳ ፎቶውን ይዞ ይወጣል። ብዙው ወደ ጀሞ ነበር የሄደው። የጭነት መኪና እስከ በር አይደርስም፤ ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ስለዚህ አይሱዙው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዕቃው በትከሻ ይወጣል፣ ጎረቤት ያግዛል። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት መጨረሻ ላይ ሲጫን ከየትኛው አባል ቤት ይቀመጥ የሚለው ክርክር ገና አላለቀም ነበር።

ሰው ሲወጣ ሎደሩ ይገባል። የጭቃ ቤት ፍርስራሽ ጭኖ የማያውቅ ሰው ጭነት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ የተሰባበረ እንጨት ካሶኒውን ቶሎ ይሞላዋል እንጂ ብዙ አይከብድም። ከሥሩ የሚወጣው እርጥብ አፈር ተቃራኒው ነው፤ ካሶኒው ገና ሳይሞላ ባሌስትራው ይተኛል። ስፖንዳው ላይ ጣውላ ቀጥሎ ከፍ ያደረገ መኪና ለፍርስራሽ ይጠቅማል፤ ለእርጥብ አፈር ያው ጣውላ አደጋ ነው። ባለመኪናው ደግሞ በቢያጆ፣ ማለትም በምልልስ ቁጥር፣ የሚከፈል ከሆነ ጭነቱ እንዲቀልለት፣ በኪዩብ ከሆነ እንዲነፋለት ይፈልጋል። የክፍያው ውል ምን እንደሚል ሳይታወቅ የትኛው መኪና ይሻላል ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። እኛ ሳይት ግን በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት እንከራከር ነበር።

እኔ አንድ ተቋራጭ ዘንድ በማቴሪያል ተረካቢነት ተቀጥሬ ነበር። በእኛ ሳይት ሲሚንቶና ፌሮ በቤቶች ፕሮጀክቱ በኩል ይመጣል፤ የአሸዋና የጠጠሩ ጣጣ የኛ ነው። ጊዜው ሲኖትራክ ከተማውን የወረረበት ነበር። ከዚያ በፊት ገልባጭ ሲባል አሮጌ ፊያት፣ ወይም በ1962 ዓ.ም. ከተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ ከአምቼ የወጣ ኢቬኮ ነው። ሲኖትራኩ ሆዎ 371 ሲመጣ ጉልበትም አለው፣ ዋጋውም ይቀመሳል ተባለና ትንሽ ገንዘብ ያለው ሁሉ ባለመኪና ሊሆን ተነሣ። ሕዝቡ አይሱዙን በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ» ብሎ እንደነበር ሁሉ ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» አለው። ስሙ ለቀልድ ብቻ የወጣ አልነበረም። ሹፌሩ በምልልስ ቁጥር የሚያገኝ ከሆነ ፍሬን መያዝ ገንዘብ ማጣት ይመስለዋል።

የሲኖትራኩ ካሶኒ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ60፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ30፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ25 ሆኖ ሲባዛ 16 ኪዩብ ከጥቂት ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 16 ነው። ጎማው ላይ እረግጥና ስፖንዳውን ይዤ እወጣለሁ፤ ከዚያ ቀጭን ፌሮ በአራቱም ማዕዘንና በመካከሉ እየሰካሁ ጥልቀቱን እለካለሁ። ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከጎደለ 1.3 ኪዩብ ገደማ የለም ማለት ነው። ሹፌሩ «መንገድ ላይ ተቀምጦ ነው» ይላል። ከላንጋኖ ወይም ከመተሐራ እስከ ልደታ ሲንገጫገጭ የመጣ አሸዋ በርግጥ ይቀመጣል፤ ውሸት አይደለም። የማይነግረኝ ሌላውን ግማሽ ነው። ትንሽ እርጥበት ያለው አሸዋ ከደረቁ እስከ 20 እና 30 በመቶ ድረስ ያብጣል፤ ጨርሶ ውኃ ሲጠግብ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ መለኪያው አፍ ድረስ ሞልቶ የታየኝ አሸዋ ፀሐይ ላይ ሲውል ከእጄ ይጠፋል። ይህን የሚያውቅ ጫኝ ባልዲ ውኃ ለምን እንደሚወድ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

ጥራቱም ሌላ ጠብ ነው። አሸዋውን በመዳፍ ጨብጦ መልቀቅ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ እጅ ላይ ጭቃ ትቶ ከሄደ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛው ሃይላንድ ነው። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላይ ውኃና ቁንጣሪ ጨው ይጨመርበትና ተንጦ ይቀመጣል። አሸዋው ሲረጋ ጭቃው ከላዩ ለብቻው ይታያል። የአገራችን ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 6 በመቶ ነው። ከቢሮዬ መስኮት ሥር የተደረደሩት ሃይላንዶች የሳይቱ መዝናኛ ነበሩ፤ የቀን ሠራተኞቹ የየትኛው ሹፌር እንደሚያልፍ የየትኛው እንደሚወድቅ ሻይ ይወራረዱባቸው ነበር። አልፈልግም ብዬ የመለስኩት አሸዋ ሌላ ሳይት ላይ «እንኳን ደህና መጣህ» ተብሎ እንደሚገለበጥ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ሽማግሌ ሹፌር ያወቅሁት በዚህ መካከል ነው። ስሙን ብዙ ሰው አይጠራውም፤ «ጋሼ አሰብ» ነው የሚሉት። ወጣትነቱን ያሳለፈው ፊያት 682 ኤን 3 ከነተሳቢው እየነዳ በአሰብ መንገድ ነበር። ጣርማበርን አልፎ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ በረሃ ይወርዳል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እሱም ዕድሜው ገፍቶ ነበርና ከተማ ውስጥ ገልባጭ መንዳት ጀመረ። የወረደ ሥራ እንደሆነ አይደብቅም። «ይኼ መንዳት ነው? አፈር ማጓጓዝ ነው» ይላል። ግን ሥራውን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ጭነቱም ጎድሎ አያውቅም።

አንድ ሰኞ የሳይቱ ኃላፊ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሲኖትራክ ቀርቶ በሳቢ የሚጎተት ባለ 30 ኪዩብ ገልባጭ ተሳቢ እንከራይ፤ በአንድ ሹፌርና በአንድ ጉዞ እጥፍ ይመጣል፣ የኪዩቡ ዋጋ ይወርዳል። ስሌቱ ወረቀት ላይ ስሕተት አልነበረበትም። ሽማግሌው ሻዩን እየጠጣ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

«ልጄ፣ ተሳቢው ስንት ይጭናል ብለህ ትጠይቃለህ። የት ይገለብጣል ብለህ ለምን አትጠይቅም?»

«ቦታ ሞልቶ የለም እንዴ ጋሼ?»

«ቦታማ አለ። መሬት አለ ወይ ነው የምልህ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ተሳቢ የማውቀውን አብዛኛውን ያገኘሁት ከሱ ነው፤ የቀረውን ዓይኔ አይቷል። ተሳቢ ሁለት ዓይነት ነው። እሱ በአሰብ መንገድ የጎተተው ሙሉ ጭነት መኪና ኋላ በመጎተቻ ብረት የሚታሰረውን፣ ፊትም ኋላም የራሱ ጎማ ያለውን ነው። ወደ ፊት ሲሄድ ምንም አይል፤ ወደ ኋላ ሲባል ግን ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ጎበዝ የተባለውንም ሹፌር ያሳፍራል። ለዚህ ነው ባለተሳቢዎች ከተማ ዳር ሲደርሱ ተሳቢውን ፈትተው አቁመው፣ ፊተኛውን አራግፈው፣ ተመልሰው የሚወስዱት። ሁለተኛው ፊቱ ሳቢው ጀርባ ላይ የሚያርፈው ነው። አንድ ቦታ ብቻ ይታጠፋል፣ ወደ ኋላ መንዳቱ ይለመዳል። ችግሩ ሲገለብጥ ነው። ረጅሙ ካሶኒ ሲነሣ ጭነቱ ሰማይ ላይ ይወጣል፤ ሳቢውና ተሳቢው በአንድ መስመር ካልቆሙ፣ አንዱ ጎማ ንፋሱ ከጎደለ፣ መሬቱ በአንድ ወገን ትንሽ ከሰመጠ፣ ወይም እርጥብ አፈር ከአንዱ ጥግ ተጣብቆ አልወርድ ካለ ሚዛኑ ያልቃል። አጭሩ ሲኖትራክ ይቅር የሚለውን ስሕተት ረጅሙ ተሳቢ ይቅር አይልም።

ሽማግሌው ስለ ግዢም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ባለሀብቶች ተሳቢ ሊገዙ ሲሄዱ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ሌላው ሰው የካሶኒውን ቀለም ሲያደንቅ እሱ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይገባል። ሻሲው ላይ የተበየደ ስንጥቅ፣ የተሰበረና የተቀየረ ባሌስትራ፣ ካሶኒው የሚታጠፍበት ፒን መበላቱን፣ ጃኩ ሲነሣ ዘይት ማልቀስ አለማልቀሱን ያያል። ካሶኒውን ባዶውን አስነሥቶ ሞተሩን ያስጠፋል፤ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ዋጋውን እሱም ቀስ ብሎ ያወርዳል። ምን ልትጭን ነው ብሎም ይጠይቃል። ድንጋይ የሚጭን ወፍራም ላሜራና ኋላው ሰፊ የሚከፈት ካሶኒ ይፈልጋል፤ አሸዋ ለሚጭን ከላይ ተንጠልጥሎ ከሥር የሚከፈተው የኋላ ስፖንዳ ይበቃዋል፣ ግን በደንብ የሚገጥም መሆን አለበት፣ አለዚያ አሸዋው ከሞጆ እስከ ቃሊቲ እየተዘራ ይመጣል። ጭቃ ለሚጭን ደግሞ ማዕዘኑ ክብ የሆነ ካሶኒ ይሻላል፤ ጥግ ያለው ሁሉ ጭቃ ይይዛል። የተሳቢውን የንፋስ ፍሬን ቱቦ ሳያይ ማንም እንዲፈርም አይፈቅድም ነበር። ጣርማበርን የወረደ ሰው ስለ ፍሬን ሲናገር ይሰማል።

ለማንኛውም ተሳቢውን ተከራየን። የመጣ ዕለት ልክ በሩ ላይ ዋናውን መንገድ ዘግቶ ቆመ፤ ለመግባት ያደረገውን መዞር አልተርከውም፣ የትራፊክ ፖሊሱ ፊት አሁንም ይታየኛል። ገብቶ ሊገለብጥ ካሶኒውን ማንሣት ሲጀምር በግራ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ቀስ ብሎ መስመጥ ጀመረ። ከሥሩ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር። የፈረሱት ቤቶች ሁሉ ጉድጓድ ነበራቸው፤ ሎደሩ ፍርስራሽ ገፍቶበት ላዩን ደልድሎት ስለሄደ ዓይን አያየውም። ካሶኒው ወደ ግራ ሲያዘነብል ሽማግሌው ከየት እንደመጣ ሳላይ «አውርድ! አውርድ!» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ አየሁት። ልጁ ሹፌር ደንግጦ ሊነዳው ነበር፤ ጭነቱ ሰማይ ላይ እያለ መንዳት ማለት መጣል ማለት ነው። ጃኩን ለቀቀና ካሶኒው ወረደ። 30 ኪዩቡ በአካፋ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ እስኪመሽ።

በሚቀጥለው ሰኞ ስለ ተሳቢ የተናገረ ሰው የለም። ሽማግሌውም አልተናገረም፤ ከዚያ ይልቅ ስለ አውሮፕላን አወራን። ልደታ ለሱ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳትሆን የአውሮፕላን ሜዳም ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነው። እሱ በልጅነቱ አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ ለማየት ከአብነት በእግሩ ይመጣ ነበር። ጀት ሲመጣ ሜዳው አጠረና ቦሌ ተሠራ። «አውሮፕላኑም ቢሆን ሲተልቅ ልደታ አልበቃችውም» አለና ሳቀ። ነገሩ ለማን እንደተወረወረ የሳይቱ ኃላፊም ገብቶታል።

ማሽን የምናመጣበት ሎቤድ ተሳቢ ግን አማራጭ አልነበረውም። ኤክስካቫተር በሰንሰለት እግሩ አስፋልት ላይ ቢሄድ አስፋልቱን ያርሰዋል። ሎቤድ ሆዱ ለመሬት የቀረበ ስለሆነ በሌሊት፣ ብሬከር የሌለበትን መንገድ አስቀድሞ በእግር አይቶ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ሲወጣ ባልዲውን ዝቅ አድርጎ፣ አራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ተጠፍሮ ይታሰራል። ትንሿ ቤቶኔራ ግን በፒካፕ ተጎትታ እያንገራገጨች ትመጣለች፤ ማንም መንገድ አያይላትም።

ይህን ሁሉ ስናስብ አሸዋው ከተገለበጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ያሰበ አልነበረም። ካሶኒው ባዶ ሲሆን የኔም የሹፌሩም ሥራ ያልቃል፣ የቀን ሠራተኞቹ ሴቶች ሥራ ይጀምራል። በባሬላ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አሸዋና ጠጠሩን ወደ ማቡኪያው፣ የተቦካውንም በደረጃው ወደ ላይ። ከላንጋኖ እስከ ልደታ ያለው መንገድ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ፣ በቢያጆ ተከፍሎ፣ በእኔ ብዕር ተፈርሞበታል። ከክምሩ እስከ አራተኛው ፎቅ ያለው ግን በቀን ምንዳ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ክምሩ ከሕንፃው አጠገብ ሲገለበጥና ከበሩ ሲገለበጥ ለነሱ ያለውን ልዩነት አንዷ በግልጽ ነገረችኝ። «አንተ ኪዩብ ትቆጥራለህ፣ እኛ እርምጃ እንቆጥራለን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሮቹን «እስከ ውስጥ ግባ» እያልኩ ስጨቃጨቅ ነበር የምውለው፤ ተመልሰው ለመውጣት ስለሚከብዳቸው አይወዱልኝም።

ቤቱ ተጠናቆ ዕጣ ሲወጣ የኔ ሥራ አልቆ ነበር፤ ግን አንዱ ወንድሜ እዚያው ደርሶት ለፊኒሺንግ ተመለስኩ። ኮንዶሚኒየም ሲረከቡት ያለቀ ቤት አይደለም፤ ወለሉን፣ ሴራሚኩን፣ ቀለሙን ባለቤቱ ነው የሚያስገባው። አንድ ቤት የሚፈልገው አሸዋ ሲኖትራክ አይሞላም፣ ሲኖትራኩ ደግሞ ሩቡን ብቻ አልሸጥም ይላል። ስለዚህ ሰዎች ይቧደናሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች በር ለበር እየዞሩ «አሸዋ አልፈለጋችሁም?» ሲባባሉ ነው የብሎኩ ጉርብትና የተጀመረው፤ ቡናው በኋላ መጣ። የተገለበጠው አሸዋ በማዳበሪያ ተቆጥሮ ይከፋፈላል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ዝናብ ከመጣ ላስቲክ ይፈለጋል፣ የጎደለም እንደሆነ ጥበቃው ይጠየቃል። በዚህ ላይ ጫኝና አውራጆቹ ይመጣሉ። ገልባጩ በራሱ ጃክ የገለበጠውን ጭነት «የማውረጃ» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ ስቄ ነበር። መክፈላችን ግን አልቀረም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከባድ መኪና ቀን ቀን በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል አሸዋ የሌሊት ዕቃ ሆነ። ቀድሞ በፀሐይ የማየውን ጉድለት አሁን ሰው በስልኩ መብራት ይፈልገዋል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩም አለ፤ ካሶኒውን ሳያወርድ የሚነዳ ሹፌር የመብራት ኃይልን ሽቦ ብቻ ሳይሆን 750 ቮልት የተሸከመውን የባቡር ሽቦም ማሰብ አለበት።

የእኅቴ ልጅ በቅርቡ ልደታ ላይ ቤት ገዝታ ወለሉን ልታስነሣ ነው። «ሲኖትራክ ስንት ገባ?» ብላ ደወለችልኝ። ወለልሽ ስንት ነው አልኳት። 40 ካሬ። በ4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲታሰብ የሚያስፈልጋት ሁለት ኪዩብ ቢሆን ነው። አነስተኛ ገልባጭ አይሱዙ እንድታስመጣ፣ መጀመሪያ ግን የግቢውን በር በሜትር እንድትለካ ነገርኳት።

«በኪዩብ ሲታሰብ እኮ አይሱዙ ይወደዳል፣ አጎቴ።»

«የተረፈውን አሸዋ የት ልታደርጊው ነው?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አሸዋ የሚፈልግ ካለ ብላ ልትጠይቅ ሄደች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መልሳ ስትደውል ሌሎች አምስት ቤቶች ተገኝተው ነበር፤ ሲኖትራኩ ሊመጣ ነው፤ ያላለቀው የትኛው ብሎክ ፊት ይገልብጥ የሚለው ክርክር ብቻ ነው አለችኝ።